ወደ ኢስታንቡል የዞረው ዲሽ

አሰበ ተፈሪ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለጡት ልጄ ለኢስራ፣

የአላህ ሰላምና እዝነቱ ባለሽበት ይውረድልሽ፤ የምትረግጪው ይለምልምልሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ። ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጭጋጉ ብቻ ከተራራው እየወረደ እስከ ሱቄ ደጃፍ ይመጣና ምንም ሳይገዛ ይመለሳል።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳትይኝ። ሱቅ ውስጥ ሆኜ ሳወራ ደንበኛው፣ ጎረቤቱ፣ መንገደኛው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ቤት ስገባ ደግሞ ኔትወርኩ ይጠፋል፤ አንቺም ፊትሽ ተጣሞ ይቆምብኛል። ወረቀት አያቋርጠኝም። ነጋዴው በድሪ እንደሆነ እዚህ ከተማ የሚሸጠውን ሻርፕ ሁሉ ለማምጣት ኢስታንቡል ጎረቤቱ ሆናለች፤ አንድ ፖስታ ሻንጣውን አያከብድበትም።

አሁን ወደ ነገሬ። በድሪ ከእናንተ ዘንድ ሲመለስ ሰው በተሰበሰበበት «ኢስራ ማይክሮዌቭ ላይ ነው የምትሠራው» ብሎ አረፈው። ወይ ጉድ! ማይክሮዌቭ እኔ የማውቀው ሂርና መውጫ ካፌው ውስጥ ሳምቡሳ የሚያሞቁበትን ሣጥን ነው። ያን ሁሉ ዓመት ተምራ፣ ባሕር ተሻግራ፣ የሳምቡሳ ማሞቂያ ጠጋኝ ሆነች? ሑዘይፋ ከሚኤሶ መጥቶ ነበርና ይሄን ሰምቶ ሲስቅ ሊታነቅ ደረሰ። የማሽላ ንግዱን ትቶ ካንቺ ጋር ካፌ ሊከፍት ነው።

አንዲት ደንበኛ ደግሞ ጣልቃ ገብታ «ይቺ ኢስራ ምንሽ ናት?» አትለኝም? አባቷ የአባቴ የአጎት ልጅ ልጅ ነው አልኳት። «እንዲያማ ሩቅ ናት» አለች። ተናደድኩ። እናቷ እሷን ወልዳ ሆስፒታል ስትተኛ ማን አጠባት መሰለሽ አልኳት። ሑዘይፋ በቀኝ፣ ኢስራ በግራ። ተሳስቼ ባቀያይራችሁ ሁለታችሁም ሰፈሩን በለቅሶ ታፈርሱት ነበር። ባሌ አብዱልቃዲር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለሁለቱ ጡቶቼ «የኢስራው» «የሑዘይፋው» እያለ ስም አውጥቶላቸው እስኪሞት ድረስ እንዲያው ነበር የሚጠራቸው። ሴትየዋ አፍራ ሳትከራከር ገዝታ ሄደች።

በይ፣ የምትሠሪውን ነገር በሚገባኝ አማርኛ ጻፊልኝ፣ ለሰው የምመልሰው እንዳላጣ። ከቻልሽ የዘንድሮ ሻርፕ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ እይልኝ፤ በድሪ የሚያመጣው ሁሉ ቡኒ ነው።

የጡት እናትሽ ዙለይኻ


ኢስታንቡል፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ሀርሜ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ቤትዎን ሙቀት አይለየው፤ ከሱቅዎ ገበያተኛ አይጥፋ፤ ዕድሜዎን ከጤና ጋር ያርዝምልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎ አዲስ ጨርቅ አዲስ ጨርቅ ይሸታል። አፍንጫዬ ላይ አድርጌው ስቄ ስቄ እንባዬ መጣ። መልሱን ስጀምር አብራኝ የምትሠራ ቱርካዊት «ሀርሜ» ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ጡት በኦሮምኛ ሀርማ ነው፣ እናት ደግሞ ሀርሜ ናት፣ ያጠባችኝን ሴት የምጠራበት ነው አልኳት። «እንግዲያው አገርሽ ሥራሽን ገና በሕፃንነትሽ ነግሮሻል» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔ የምሠራው የጡት ካንሰርን የሚያይ መሣሪያ ላይ ነው። ማይክሮዌቭ የማዕበሉ ስም ነው። የሂርናው ሣጥን ማዕበሉን በብዙ ኃይል ይለቀዋል፣ ስለዚህ ያሞቃል። የእኛ ከእጅ ስልክ ያነሰ ነው፣ ሳምቡሳ ቀርቶ ቅቤ አያቀልጥም። ሴትየዋ ቀዳዳ ባለው አልጋ ላይ በደረቷ ትተኛለች። ከቀዳዳው ሥር ጎድጓዳ ሣህን አለ፤ ዙሪያውን የልብስ ቁልፍ የሚያክሉ አንቴናዎች ተሰክተውበታል። አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ተራው የሚቀጥለው ነው። ጤነኛው ስብ ማዕበሉን ያሳልፈዋል። ዕጢ ግን ውሃ ይበዛበታልና ይመልሰዋል። ከተመለሰው ኮምፒውተሩ ሥዕል ያወጣል። መጫን የለ፣ መቁረጥ የለ፣ እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለ። ሳይነካ ያያል።

አንቴናዎቹን የምንፈትንበት ክፍል አለ። ግድግዳውም ጣሪያውም በሾሉ ጥቁር ስፖንጆች የተሸፈነ ነው፤ ማዕበልም ይሁን ድምፅ እዚያ ከገባ ይዋጣል እንጂ አይመለስም። በሩ ሲዘጋ የራሴ ደም ሲሄድ ይሰማኛል። የመጀመሪያ ቀን ፈራሁ። አሁን ግን ሥራ ባይኖረኝም ገብቼ እቆማለሁ። ዓይኔን ስጨፍን ጊዜው ይጠፋብኛል፤ ኢስታንቡል ልሁን አሰበ ተፈሪ አላውቅም። ይህን ድምፅ ከዚህ በፊት የት ነው የሰማሁት እያልኩ ስጨነቅ ቆይቼ አንድ ቀን ገባኝ። ጆሮዬ ደረትዎ ላይ ሆኖ የሰማሁት መሰለኝ። ሰው ሕፃንነቱን አያስታውስም ይላሉ። ይበሉ።

ሻርፕ ዘንድሮ የወይራ ቅጠል ቀለም ነው። ለበድሪ በጣቴ አሳይቼዋለሁ፤ ቡኒ ይዞ ከመጣ ጥፋቱ የራሱ ነው።

ልጅዎ ኢስራ


አሰበ ተፈሪ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ለኢስራ፣

ሰላምታዬ ከዚህ እስከዚያ ካለው ዳመና ይብዛልሽ። አላህ እጅሽን ይባርከው፤ የጀመርሽውን ያስጨርስሽ። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

ደብዳቤሽን አንብቤ አልጠግበው አልኩ። ሱብሃነላህ! «ሳይነካ ያያል» ያልሽውን እየደጋገምኩ አነበብኩት። ለካ እንዲህም አለ! በድሪ ሻርፑን ቡኒ አድርጎ ነው ያመጣው፣ እሱን ተዪው።

አሁን አንድ ነገር ላማክርሽ። ሀሚዳ የምትባል ጎረቤት አለችኝ። አንቺ አታውቂያትም፤ ከቦርደዴ በቅርቡ ነው የመጣችው። ገላዋን ስትታጠብ እጇ ደረቷ ላይ አንድ ነገር ነካ። ሽምብራ ታክላለች። ጠንካራ ናት። አታምም፣ አታሳክክ፣ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ለማንም አልተናገረችም፣ ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ። ግቢዬ ውስጥ የተከራየች አክሱማዊት የምትባል ነርስ አለች፤ ከትግራይ ተመድባ የመጣች ጨዋ ልጅ ናት፤ ለእሷ ንገሪያት ብላት «እንዴት ብዬ?» አለችኝ። ከባሏ ሌላ ደረቷን ያየ የለም። የማታውቀው ሐኪም ሊዳብሳት ነው? ደግሞ ቢላ የነካው ነገር ይበተናል ሲባል ሰምታለች። የምታውቃት ሴት ቢላ ከነካት በኋላ ዓመት አልሞላትም። እኔም ልከራከራት አልቻልኩም።

ስለ ማሽንሽ ስነግራት ፊቷ በራ። ይህቺን የመሰለ ነገር ካለ እገባባታለሁ አለች። ወደዚህ መቼ ትመጣለች? ትልቅ ናት? አልጋው ካስቸገረ አልጋ እኛ ጋር ሞልቷል፣ አናጺ ጠርተን እናስበሳለን። ሣህኗን ብቻ ብትልኪ በድሪ ጨርቁን ቀንሶ በሻንጣ ያመጣታል፤ አነጋግሬዋለሁ።

ሰሞኑን ሕልም አየሁ። የከተማው ሰው ሁሉ ጣሪያው ላይ ወጥቷል። ጭጋጉ ቤቱን ውጦት ጣሪያውና ዲሹ ብቻ ነው የሚታየው። ዲሾቹ እንደ ሱፍ አበባ ቀስ ብለው ወደ አንድ በኩል ይዞራሉ፤ ማንም አይነካቸውም። ሴቶቹ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ እኔም መሐላቸው ነኝ። ከዚያ የሆነ ነገር ሆነ። ጥሩ ሕልም ለሚወዱት ሰው ይነገራል፣ መጥፎውን መናገር ግን አይገባም፤ ስለዚህ ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩሽ።

የጡት እናትሽ ዙለይኻ


ኢስታንቡል፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ሀርሜ፣

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ከክፉ ሕልም ሌሊቱን፣ ከክፉ ወሬ ቀኑን ይጠብቅልዎ። የዘገየሁት በድሪ በጊዜ ስላልመጣ ነው፤ እኔም ሥራ ውጦኝ ነበር።

እዚህ በረዶ ወርዷል። መርከቦቹ ሳይታዩ ይጮኻሉ፤ ከተማው ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። እኛ ደግሞ ትልቅ ደስታ ላይ ነን። ባለፈው ሳምንት ማሽናችን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ያለ ሥዕል አወጣ። ሰማያዊ ሜዳ ነው፤ መሐሉ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ። ነጥቧ እኛ ባስቀመጥናት ቦታ ላይ ተገኘች። ሁላችንም ጮኽን። እኔ አለቀስኩ። ወዲያው እርስዎ ትዝ አሉኝ፤ ብነግርዎ ምን እንደሚሉ በጆሮዬ ሰማሁት።

ስለ ሀሚዳ አስቤያለሁ። የማያምም እብጠት ሁሉ ደህና አይደለም፤ ሆስፒታል ሄዳ ብትታይ መልካም ነው። ሽምብራዋ በየትኛው በኩል እንደሆነች፣ እያደገች እንደሆነ፣ ቆዳዋ ተለውጦ እንደሆነ ጠይቀው ይጻፉልኝ። ስለ ማሽኑ ደግሞ በርትተን እየሠራን ነው፣ ትንሽ ትታገሠን ይበሉልኝ። ኢንሻአላህ በቅርቡ ነው።

ኢስራዎ


አሰበ ተፈሪ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢስራ፣

ሰላምና ጤና ለአንቺ ይሁን። ረመዳን ደጃፍ ላይ ነው፤ ጾሙን ያግራልን። በድሪ መንገዱን ስለጀመረ በአጭሩ ነው የምጽፍልሽ።

«ትንሽ ትታገሠን» ያልሽውን ለሀሚዳ ነገርኳት። እሺ ብላለች። ከጠበቅሁ አይቀር የልጄን፣ ማለቴ የልጅሽን እጠብቃለሁ አለች። ስለዚህ ሆስፒታሉን ትታዋለች። አንቺው ታገሺ ካልሽ ሌላ ሰው ምን ይላል?

የዚህን ቤት ጉድ ልንገርሽ፣ ትንሽ ሳቂ። ሀሚዳ ቁጭ ብላ አሰበች። የቱርክ ሰው ሲጣላና ሲታረቅ በአማርኛ እያናገረ እኛ ሳሎን ድረስ የሚያመጣው ያ ጣሪያው ላይ ያለው ዲሽ ነው አይደል? ማዕበል ነው አይደል? ታዲያ ከዚያ ወደዚህ ከመጣ ከዚህ ወደዚያ መሄድ ምን አቃተው? ኢስራ እዚያ ሆና አታየኝም? አለች። ሳቅሁባት። ከዚያ ሳስበው ነገሩ ያን ያህል ሞኝነት አልመስል አለኝ። አጥናፉን፣ የዲሽ ሠሪውን፣ ጠርቼ ዲሹን ወደ ሰሜን አዙርልኝ አልኩት። «እማማ ዙለይኻ፣ በዚያ በኩል ሳተላይት የለም» አለኝ። አንተ አዙር፣ የምትከፈለው ለማዞር ነው አልኩት። አዞረው።

ያኔ ግቢው ተተራመሰ! የቱርኩ ድራማ ጠፋ። ተከራዮቹ ሁሉ ወጥተው ጮኹ። ወደ ቱርክ ሲዞር የቱርክ ድራማ የሚጠፋበትን ምክንያት አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ። አክሱማዊት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዲሹን አየች፣ እኔን አየች፣ ወደ ክፍሏ ገባች። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ሳይነሣ ሀሚዳ በረንዳው ላይ ወንበር ታወጣለች። ሻርፗን ትከፍታለች። ዲሹ ከላይ እንደ ትልቅ ጆሮ ሆኖ ያዳምጣል። ምንም አይነካትም። ብርዱ ብቻ ነው። ዓይኗን ስትጨፍን አንቺ በዚያ ጥቁር ክፍል ውስጥ ቆመሽ ስትሰሚ ይታያታል። እንዲያ ስትሆን አትፈራም።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አድጋለች፤ አሁን የለውዝ ፍሬ ታክላለች። ቆዳው ትንሽ ገባ ብሏል። ያለችውም የኢስራው ላይ ነው። ሌላ የተለየ ነገር የለም።

ጾሙ ሲያልፍ ጻፊልኝ።

ዙለይኻ


ኢስታንቡል፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀርሜ፣

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታ አላረዝምም፣ ይቅር በይኝ።

«የኢስራው ላይ» ብለሽ ጻፍሽ። ሀሚዳ የኢስራ የሚባል ጡት የላትም ሀርሜ። በዓለም ላይ እንዲያ የሚባል አንድ ጡት ብቻ ነው ያለው፣ ስሙን ያወጣለትም አባታችን አብዱልቃዲር ነው።

ትናንት ደወልኩልሽ። «አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ ጾሙ እንዴት ይዞሻል፣ ሻርፕ ተወዷል» አልሽኝ። ሀርሜ ስልሽ «ደንበኛ መጣ» ብለሽ ዘጋሽው። ደግሜ ደወልኩ፣ ሑዘይፋ አነሣው። እሱ እየሳቀ «ዲሹን ሰምተሻል?» አለኝ። ምንም እንደማያውቅ ገባኝ። አፌን ያዝኩ። ያንቺን ምስጢር ለወንድሜ መናገር የአንቺ ድርሻ ነው።

እንግዲህ ያልጻፍኩልሽን ስሚ። ያቺ ቀይ ነጥብ የሰው አይደለችም። ማሽናችን እስካሁን ያየው ከጄላቲንና ከዘይት የሠራነውን የውሸት ጡት ነው። ኩሽና እንደሚደረገው እያማሰልን፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠን፣ መሐሉ ላይ ዕጢ የሚመስል ጉብታ ከተን። በሰው ላይ ገና ልንጀምር ነው፤ እሱም ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከዚያም ዓመታት ይወስዳል። «በቅርቡ» ያልኩት በእኛ ቋንቋ ነው። «ትንሽ ትታገሠን» ያልኩት ደግሞ እንዲያው የሰው ወግ ነው፤ እንግዳ ደጅ ላይ ሲቆም እንደሚባለው ማለት ነው። አንቺ ግን የሐኪም ትእዛዝ አድርገሽ ያዝሽው። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩሽ በዚያ ወንበር ላይ። እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ስለ ዲሹ ደግሞ፦ ማዕበላችን ደካማ ነው። አንቴናዎቹ ጡቱን ከበው ከቅርብ ካልሆነ አይሰሙም። ከዚህ ሆኜ አላይሽም ሀርሜ። ማየት ብችል ኖሮ ጠዋት ከመነሣቴ በፊት አይሽ ነበር።

ማሽኑ ቢደርስም እንኳ «እዚህ አንድ ነገር አለ» ብሎ ይጠቁማል እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። ያን የሚናገረው መርፌው ነው። መርፌ ነክቶት ተበተነ ሲሉሽ አትስሚ። የምታውቂያትን ሴት የጎዳት ቢላው አይደለም፣ መዘግየቷ ነው። ሱቅ ውስጥ ከአፍሽ የማይጠፋውን አባባል ማን አስተማረኝ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ለሰው ስትመክሪው ያንቺ ነበር።

ሳይነካ የሚያይ ነገር አገኛለሁ ብዬ ከአገር ወጣሁ። አሁን የምለምንሽ ግን ተነኪልኝ ነው። አክሱማዊት እዚያው ግቢሽ ውስጥ ናት፤ ሴት ናት፤ እጅ አላት። በሯን አንኳኪ። ፊት ለፊት ማውራት ካፈርሽ ይህን ወረቀት ስጫት።

ፈራሁ ሀርሜ። በጣም ነው የፈራሁት።

ኢስራ


ኢስታንቡል፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀርሜዬ፣

ሰላም ይብዛልሽ፤ ኢድሽ ያማረ እንደነበረ ተስፋ አደርጋለሁ።

በድሪ መጣ። የሐረር ሐለዋና የተቆላ ለውዝ ይዞልኝ መጣ። ወረቀት ግን የለም። ጨርቁን ሁሉ ፈትቼ ፈለግሁ። «ወረቀት አልላከችም፣ ሐለዋውን ብቻ ስጣት ብላ በሰው ላከችልኝ» አለ። ወረቀቷን ጣልካት ብዬ ተጣላሁት፣ ምስኪን። ሱቁ ዝግ ነበር አለኝ። ለምን እንደተዘጋ አልጠየቀም። ወንድ ምን ይጠይቃል!

ስልክሽ ይጠራል፣ አይነሣም። የሑዘይፋም እንደዚሁ። ሐለዋውን ከፍቼ አፌ ውስጥ ሳደርገው መራራ ሆነብኝ፣ ከዚያ ደግሞ ላለመጨረስ እየቆጠብኩ በላሁት። ጥቁሩ ክፍል ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ደሜን ሰማሁ፤ ያንቺን ፈለግሁ። ክፍሉ እንደሆነ የገባበትን አይመልስም።

አንድ ቃል ብቻ ላኪልኝ። ስድብም ይሁን።

ኢስራ


አሰበ ተፈሪ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለኢስራዬ፣

ያቆየሽ ጌታ ይመስገን፣ ያቆየኝም ይመስገን። ሰላምታዬ እንደ ክረምቱ ዝናብ ሳይቋረጥ ይድረስሽ።

በመጀመሪያ ስድብ ጠይቀሻልና እንካ፦ ምን ያለሽ ድፍረት ነው! ዕድሜ ልክሽን እርስዎ ስትይኝ ኖረሽ በአንድ ቀን አንቺ? ወረቀቱን እጄ ላይ ይዤ «ማንን ነው የምትናገረው?» አልኩ። ከዚያ ደግሞ አነበብኩት። ሑዘይፋ አንቺ ነው የሚለኝ፤ ለካ አንቺ ብቻ ነበርሽ እንደ እንግዳ ደጅ የቆምሽው። እንደገና እርስዎ ብትይኝ ደብዳቤሽን አልቀበልም።

ግን ተቆጥቼ ነበር። ወላሂ ተቆጥቼ ነበር። ስለ ጄላቲኑ ስታወሪኝ የተሸወድኩ መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት በዚያ ብርድ የተቀመጥኩት ለገንፎ ነው? ብዬ አለቀስኩ። ጾሙ እስኪያልቅ ደብዳቤሽ ትራሴ ሥር ነበር። ማሽንሽ ያየኛል ብዬ ሳስብ ሕልም ውስጥ እንዳለሁ ነበርኩ፣ ደስ ይል ነበር፤ አንቺ ቀሰቀስሽኝ። የቀሰቀሰን ሰው መጀመሪያ ማን ይወደዋል?

የኢድ ማግሥት የአክሱማዊትን በር አንኳኩቼ ወረቀቱን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። ጨርሳ አጠፈችውና «እማማ፣ ዲሹን ሳይ ገብቶኝ ነበር፤ እስኪነግሩኝ ነው የጠበቅሁት» አለችኝ። ሁሉም ሰው ትንሽ ትታገሥ ብሎ ተስማምቷል ማለት ነው። በሩን ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ እጇን እሳት ላይ አሙቃ ነካችኝ። አብዱልቃዲር ከሞተ ወዲህ ሰው ነክቶኝ አያውቅም ኢስራ። አፍራለሁ ብዬ ነበር። አላፈርኩም። እንደ ልጅ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ እሷም አላስቸኮለችኝም።

ከዚያ ሆስፒታል ሄድን። ለነፍሰ ጡሮች የሚያደርጉትን መሣሪያ ቀባ አድርገው ደረቴ ላይ አዞሩት። ይሄስ በምን ያያል? አልኩ። ይሄም በማዕበል ነው፣ በድምፅ ማዕበል አለችኝ አክሱማዊት። እንግዲያው የልጄ ሥራ ዘመድ ነው ብዬ ዝም አልኩ። መርፌውን ወጉኝ፤ የትንኝ ያህል ነው፤ ያን ሁሉ ወር የፈራሁት እሱን መሆኑን ሳስብ ተናደድኩ። ውጤቱ መጣ። አንቺ የፈራሽው ነው።

ለሑዘይፋ የነገርኩት ሚኤሶ ድረስ ሄጄ ነው። በስልክ አይሆንም። ያ ጎረምሳ የማሽላ ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ በሠራተኞቹ ፊት እየጮኸ አለቀሰ። ስልካችንን ያላነሣነው እሱ ድምፅሽን ከሰማ ስለማይችል ነው፤ እኔም አልችልም ነበር። ሐለዋውን የላክሁት ከሐረር ነው፣ ለቀዶ ጥገናው ሄደን ሳለን። የምጽፈው ጠፋኝ። ምን ብዬ ልጻፍ? አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ ጣፋጭ ላክሁ።

ግራውን አወጡት። የኢስራውን። ሐኪሙ፣ ደግ ሰው ነው፣ ቀድመሽ ብትመጪ ይሻል ነበር አለኝ እንጂ አልቋል አላለኝም። ብብቴ ሥርም ትንሽ አግኝተው አውጥተዋል። አሁን በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ያደክመኛል፣ ፀጉሬም እየሄደ ነው። ሻርፕ ነጋዴ ስለሆንኩ ማን ያውቃል ብለሽ! ሌላውን አላህ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም፣ ደህና ነኝ ብዬም አልዋሽሽም። አጥናፉ ዲሹን መልሶታል፤ ተከራዮቹ ድራማቸውን አግኝተዋል፤ ሲጣሉ እሰማለሁ።

ሥራሽን እንዳትተዪ። በእኔ አሳበሽ ከተውሽው አልምርሽም። በሰው ላይ ልትጀምሩ ነው ብለሻል፤ ቀኙ አለ። ማሽኗ ሰው ማየት ስትጀምር የሑዘይፋውን አሳያታለሁ፤ ብዙ ሴት እዚህ አገር እንደ እኔ ጭጋግ ውስጥ ቁጭ ብላለች።

አሁን የቀረውን ልንገርሽ። በእኛ ደንብ ከሰው አካል የተቆረጠ ነገር አይጣልም፣ ይቀበራል። ለምርመራ የሚሆነውን ወስደው የቀረውን ሰጡኝ። ሐኪሙ ስጠይቀው አልተደነቀም፣ ብዙ ሰው ይጠይቃል አለኝ። ከሱቄ ጥሩ ጥጥ ራሴ ቀደድኩ። ቡኒውን አይደለም። ሑዘይፋ ከቤታችን ጀርባ፣ መሬቱ ለስላሳ የሆነበት ቦታ ቆፈረ። ሼኹን ጠይቀን ነበር፤ ባለቤቱ በሕይወት ስላለ ሶላት አይሰገድበትም፣ ዝም ብላችሁ ቅበሩ ብለውናል። ጭጋጉ ወርዶ ነበር፤ ሁለታችንም ጉድጓዱ አጠገብ ቆምን።

«እማ፣ ምን ይባላል?» አለኝ ሑዘይፋ።

የማይባል የለም፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ በላት አልኩት፤ ያጠባችህ እሷም ናት፣ አንዳንዴ ሰርቀህ ትጠባት ነበር። ተንበርክኮ «አፉ በይኝ» አላት። ስለ ኢስራም በል፣ እዚህ የለችም አልኩት። ስለ አንቺም አለ። መልስ የሚሰጥ ሌላ ስላልነበረ እኔው በእሷ ቦታ ቆሜ፣ አፉ ብያችኋለሁ ልጆቼ አልኩ።

እናትሽ ዙለይኻ